ለሦስት ሐኪሞች የደበቅሁት ኩባያ

ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ሆዴ አሳፍሮኝ አያውቅም። ወላይታ ሶዶ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። ከወጣቶች ጋር ተቀምጬ ጥሬ ሥጋ በዳጣ በልቼ፣ እነሱ ጥላ ፈልገው ሲጋደሙ እኔ የመፍቻ ሳጥኔን ይዤ ወፍጮ ልጠግን ቦዲቲ እሄድ ነበር። ዳጣ እኛ አገር ቃሪያ በቅመም ደቁሰን የምንሠራው ማባያ ነው፤ ያልለመደውን ያስለቅሳል። እንዲህ ያለ ሰው አምስት ወር ታሞ ሱሪው ከወገቡ ሲወርድ ነገሩ በጽሑፍ ሊቀመጥ ይገባዋል። ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አስቤ ነበር፤ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ስላላገኘሁ ራሴ ጻፍኩት።

ስሜ ጳውሎስ ነው። ከተማው ግን «ኢንጂነር» ይለኛል፤ ማዕረጉን የሰጠኝ ሕዝብ እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት ተማርኩ፤ ሞተርን ፈትቼ በመግጠም አወቅሁት፤ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ከሶዶ እስከ ቢጠና ባለው አገር እኔ ያልፈታሁት የናፍጣ ወፍጮ ካለ፣ እሱ ገና ያልተበላሸ ወፍጮ ነው። በጽዋ ማኅበራችንም ጉዳይ ሲከብድ «ጋሽ ጳውሎስ ምን ይላሉ?» ይባላል። እኔም እላለሁ።

ያለፈው ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ ናይሮቢ ሄድኩ። ልጄ ታምራት እዚያ ጋራዥ አለው፤ ሙያውን ከማን እንደወረሰ መናገር አያስፈልገኝም። በአውቶቡስ በሞያሌ በኩል ነው የገባሁት፤ መንገድ ላይ ከአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ስድሳ የስዋሂሊ ቃል ሸመደድኩ። ስደርስ ልጄ፣

«አባዬ፣ መንገድ ላይ የሚሸጥ ነገር እንዳይበሉ። ሆድዎ አይችለውም» አለኝ።

በሆዴ ላይ እንዲህ ይናገራል። በማግሥቱ እሱ ወደ ሥራው ሲሄድ እኔ ወደ መንገዱ ወጣሁ።

የናይሮቢ ሰው መንገድ ላይ ምግብ ይሠራል፤ ደግሞ ይችልበታል። በቆሎ ከሰል ላይ ይጠብሱና የሎሚ ቁራጭ በበርበሬና በጨው ነክረው ያሹበታል። የተቀቀለ እንቁላል መሐሉን ሰንጥቀው የተከተፈ ቲማቲምና ሽንኩርት ይጨምሩበታል። ሸንኮራ አገዳ ከዝንጅብል ጋር በማሽን ይጨምቃሉ፤ የአንዱን ማሽን ጥርስ መልቀቅ አይቼ ላስተካክልለት ብል እጄን ያዘኝ፤ የራሱ ጉዳይ። በደም የተሞላ አንጀት ጠብሰው በሳንቃ ላይ ሲከትፉም አየሁ። እሱን በክርስትናዬ አለፍኩት። ሌላውን ሁሉ በላሁ፤ ሆዴም እንደ ወትሮው ዝም አለ። ሻጮቹ «ምዜ» ብለው ይጠሩኛል፤ የተከበረ ሽማግሌ ማለት ነው። ሳይነገራቸው ማወቃቸው ገረመኝ።

በአምስተኛው ቀን ኢስሊ የሚባለው ሰፈር ደረስኩ። አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካኖች ደርድራ ተቀምጣለች። ሞያሌ ያደገች ስለሆነች አማርኛ ታውቃለች።

«ሐበሻ ነዎት፤ ይለፉ አባባ። ይኼ የእናንተ አይደለም» አለችኝ።

«ምንድን ነው?»

«የግመል ወተት። እናንተ ትፈሩታላችሁ።»

«ማን ነው የፈራ?»

«ሁላችሁም። አንድ ሐበሻ ደንበኛ ብቻ ነው ያለኝ። እሱም ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ነው የሚጠጣው።»

ያንን ሰው በልቤ ናቅሁት። ሰው ከጠጣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ይጠጣ እንጂ። ግራና ቀኝ አየሁ፤ የማውቀው ሰው የለም፤ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ጠጣሁ።

ለማያውቅ ልንገር። እኛ ኦርቶዶክሶች የግመል ሥጋም ሆነ ወተት አንቀምስም። ዘመን ተለወጠ ቢባልም ይህ አልተለወጠም። ወተቱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ድንቅ ነበር። ዕቃውን በእንጨት ጭስ ስለሚያጥኑት ጭስ ጭስ ይላል፤ ጨው ቢጤም አለው። «ታፈይዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ከፈላማ ሞተ» አለችኝ። አሥራ አንድ ቀን ተመላለስኩ። ረቡዕና ዓርብ እንኳ አልቀረሁም፤ ይህንን ዛሬ ስጽፈው እጄ ይከብደዋል።

እዚህ ላይ የሰለሞንን ነገር ማስገባት አለብኝ፤ ያለ እሱ ለምን እንደደበቅሁ አይገባችሁም። ሰለሞን ጎረቤቴ ነው፤ ሚኒባስ ይነዳል፤ ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ የጽዋ ማኅበራችን አባል ነበር። ናይሮቢ ከመሄዴ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ማኅበር ላይ ጨዋታ ተነሥቶ፣ ጂጂጋ ጭነት ይዞ ሲሄድ በሐሩር ጊዜ የግመል ወተት መጠጣቱን ሳይጠነቀቅ ተናገረ። የነፍስ አባታችን ንስሐ ሰጥተው ሊያበቁ ነበር። እኔ ግን ተነሣሁ። ከኦሪት ጠቅሼ፣ የሚያመሰኳውንና ሰኮናው የተሰነጠቀውን ለይቼ፣ ይህ ሰው ከጽዋችን መራቅ አለበት አልኩ። ንግግሬ ጥሩ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት አሉ። ሰለሞን ንስሐውን ጨረሰ፤ ወደ ማኅበሩ ግን አልተመለሰም። የእናቱም ቤት ተራው ሲደርስ ታለፈ። እንግዲህ እኔ ከናይሮቢ ስመለስ ምን እንደምል አስቡት። ሳምቡሳ በላሁ አልኩ። እንቁላል በላሁ አልኩ። ከዚያ በላይ አልተነፈስኩም።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አመሻሽ ላይ በረደኝ። ሁለት ጋቢ ደርቤም ጥርሴ ይንገጫገጫል። ከዚያ ትኩሳት መጣ፤ ከዚያ አንሶላውን የሚያርስ ላብ። ጧት ስነሣ ግን ምንም የለብኝም። ባለቤቴ ዘነበች ፍርዷን ወዲያው ሰጠች።

«ጾሙ ነው። ሰባ ዓመት አልፎህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምን ያስጾምሃል?»

«ጾም አያልብም።»

«አንተን ያልባል። ሁሉንም ከሰው አብልጠህ ነው የምታደርገው።»

ይህን በከፊል እንደ ምስጋና ወሰድኩት። ዳማከሴ አሽታ ጨምቃ አጠጣችኝ፤ ነጭ ሽንኩርት በማር አበላችኝ። ማታ ማታ ያው ነው። ከዚያ ወገቤ ያዘኝ። ሞተር ስር ገብቼ የምወጣ ሰው ካልሲ ማጥለቅ አቃተኝ።

ሶዶ ከተማ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ደም ወስዶ «ታይፎይድና ታይፈስ ተቀላቅሎብዎታል» አለኝ።

«እንደ ናፍጣና ቤንዚን?» አልኩት።

«እንደዚያ ነው አባቴ።»

የአሥር ቀን እንክብል ሰጠኝ። ሦስት ቀን ተሻለኝ፤ ለሰፈሩ ሁሉ ዳንኩ ብዬ አወራሁ፤ በአራተኛው ቀን ብርዱ ተመለሰ። ለወገቤ ቦዲቲ አንድ ወጌሻ አለ ተባለ። እጁ እንደ ጉጠት ነው። በቅቤ ሲያሸኝ ያላወቅሁት አጥንት እንዳለኝ ተረዳሁ። «አከርካሪዎ ተዛንፏል» ብሎ ጎትቶ ገጠመኝ። ስሄድ እያነከስኩ ነበር፤ ስመለስ ሁለት ሰው ደግፎኝ ነው።

ሁለተኛው ሐኪም ወጣት ጤና መኮንን ነበር። እሱን በስም ባልጠራውም ባርኬዋለሁ፤ ትክክለኛውን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱ ነው።

«አባባ፣ ያልፈላ ወተት ይጠጣሉ?»

ዘነበች አጠገቤ ነበረች። «እሱ? እኛ ቤት ወተት ሦስት ጊዜ ሳይገነፍል አይወርድም» አለች።

«ከብት አላችሁ?»

«የለንም።»

«ሌላ ቦታ ሄደውስ?»

«ናይሮቢ ልጁ ጋ ሄዶ ነበር። እዚያም ሳምቡሳና እንቁላል ነው የበላው። ነግሮኛል።»

ወጣቱ ወደ እኔ ዞረ። ራሴን ነቀነቅሁ። በዚያች ጭንቅላት ንቅነቃ ሁለት ወር ተኩል ከፈልኩ። ወንድሞቼ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህቺን ያዙ፤ ሚስት ስትመልስላችሁ የምትመልሰው የምታውቀውን ነው።

ሦስተኛው ሐኪም ቤት ላቤንና ክሳቴን አይተው የሳምባ ነቀርሳ ጠረጠሩ። አክታዬ ንጹሕ ሆነ፤ የደረቴ ፎቶም ንጹሕ ሆነ። እንዲያውም ያነሣኝ ሰውዬ «የሃምሳ ዓመት ሰው ሳምባ ነው» አለኝ፤ ያንን ፎቶ እስካሁን አስቀምጫለሁ። ግን ማንም በሽታዬን አላገኘውም። ችግሩ ሰዓቱም ነበር። ሐኪም ቤት የሚኬደው ጧት ነው፤ እኔ የምታመመው ማታ ነው። ወረፋ ጠብቄ ስገባ የሙቀት መለኪያው እንደ ጤነኛ ያሳያል፤ እኔም እንደ ውሸታም እቀመጣለሁ።

ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ግን ደግ ሰው አይጠፋም። አንድ ቀን ብርዱ ሳይታሰብ በጧት መጣብኝ። ከቢጠና የመጣ ገበሬ፣ የታመመች ሚስቱን ይዞ የተቀመጠ፣ ጋቢውን አውልቆ ሰጠኝ።

«አንተስ?» አልኩት።

«እኔ የመጣሁት ታምሜ አይደለም» አለኝ። ቁጥራቸው ሲጠራ ጋቢውን ልመልስለት ብል «ይቆይ፣ ስንወጣ እወስዳለሁ» ብሎ ገባ። ቢጠና ወፍጮው ቢበላሽበት ብዬ ስሙን ጠየቅሁት፤ ወፍጮ የለውም።

ሰኔ ሲገባ ቀበቶዬን በምስማር ሦስት ቀዳዳ ጨምሬበት ነበር። ቀዳዳዎቹ ርቀታቸው እኩል ነው፤ በሽታ እጅ አያበላሽም። ዘነበች ለጊፋታ ቅቤ ዓመቱን ሙሉ የምታጠራቅመው ገንዘብ ወደ መድኃኒት ቤት ሄደ። ጊፋታ የእኛ የዘመን መለወጫ ነው፤ ያለ ቅቤ ጊፋታ ለአንዲት የወላይታ ሴት ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። እሷም አልነገረችኝም፤ ያ ይብስ ነበር። አንድ ሌሊት በላብ ነቅቼ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስታለቅስ ሰማኋት። የተኛሁ መሰልኩ። ካንሰር ነው ብላ እንደምታስብ አውቄአለሁ፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። የትኛው መፍቻ ለማን እንደሚሰጥ በልቤ አከፋፈልኩ። ከዚያ የጤና መኮንኑ ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ ያልፈላ ወተት። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሲሆን ጧት ነው፤ ጧት ደግሞ ደህና ነኝ፤ ደህና ሰው ምን ያናዝዘዋል?

በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት የሚያመላልሰኝ ማን ይመስላችኋል? ሰለሞን ነው። ተራውን ትቶ በሚኒባሱ እስከ ቤቴ በር ድረስ ይመጣል፤ ደግፎ ያስገባኛል፤ ትራስ ያደርግልኛል። አንድ ቀን «ለምን ትደክማለህ?» ብለው፣ «እናቴ ሂድ ብላኝ ነው» አለ። ያን ጊዜ ወገቤ ብቻ አይደለም ያመመኝ።

ሐምሌ ላይ ወደ ዱቦ ሆስፒታል ወሰደኝ። ዶክተሯ ልጅ ናት፤ የልጅ ልጄ ብትሆን አልገረምም። አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ዘነበች መለሰች። ሁለተኛ ጠየቀችኝ፤ ዘነበች መለሰች። በሦስተኛው ብዕሯን አስቀመጠች።

«እማማ፣ ለእርስዎ ካርድ አላወጣንም አይደል?»

«እኔ ደህና ነኝ ልጄ።»

«እንግዲያው በሽተኛው ይናገሩ። እርስዎ ትንሽ ውጭ ይቀመጡልኝ።»

ዘነበች ወጣች፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ተወችው። ዶክተሯ ተነሥታ ዘጋችው።

እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ለወፍጮ ባለቤቶች አንድ ነገር ስናገር ኖሬአለሁ፤ ሞተሩ ውስጥ የጨመርከውን ንገረኝ። ላምባ ይቀላቅሉና ንጹሕ ናፍጣ ነው ብለው ይምሉልኛል። እኔም ሰው የዋሸበት ሞተር ሁለት ጊዜ ይፈታል እላቸዋለሁ። እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህ ትዝ ሲለኝ ራሴን እንደ አንዱ ላምባ ቀላቃይ አየሁት።

«የምነግርሽ ካርዱ ላይ ይጻፋል?» አልኳት።

«ይጻፋል።»

«በምን ቋንቋ?»

«በእንግሊዝኛ።»

«ባለቤቴ እንግሊዝኛ አታነብም» አልኩ፤ ትንሽ ቀለል አለኝ።

«የእኔን ጽሑፍማ እኔም አላነበውም። ይንገሩኝ።»

«የግመል ወተት ጠጥቻለሁ። ናይሮቢ፣ መንገድ ላይ።»

«የፈላ?»

«ያልፈላ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አሥራ አንድ ቀን። በቀን ሦስት ኩባያ።» ከዚያ ለእውነት ብዬ፣ «አንዳንድ ቀን አራት» አልኩ።

«ለሌሎቹ ሐኪሞች ለምን አልነገሯቸውም?»

«የማኅበር ሽማግሌ ነኝ።»

አልሳቀችም። ደም አስወሰደች፤ ከሰዓት በኋላ ውጤቱን ይዛ ጠራችኝ። ብሩሴሎሲስ ይባላል። ከላምም ከፍየልም ከግመልም ይመጣል፤ ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይገባል፤ ማታ ማታ ያተኩሳል፣ ያልባል፣ ወገብና መገጣጠሚያ ይይዛል። ታይፎይድ ይመስላል፣ ነቀርሳ ይመስላል፣ እርጅናም ይመስላል።

«ይገድላል?» አልኳት።

«ቢቆይ ልብ ላይ ይወጣል። የእርስዎ አከርካሪ ላይ ጀምሯል። ትንሽ ዘግይተው ቢሆን ኖሮ በዚህ እግርዎ አይገቡም ነበር። አሁን ግን ይድናሉ። ስድስት ሳምንት እንክብል፣ ሦስት ሳምንት በየቀኑ መርፌ። አንድ ቀን ከዘለሉ ከመጀመሪያ ነው።» ከዚያ ደግሞ፣ «ሌላ የጠጣ ሰው አለ?» አለችኝ።

ሌላ የለም ልል አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ታምራት በስልክ ወገቤን፣ አመሻሽ ላይ ይበርደኛል ማለት ከጀመረ ሰነባብቷል። ስልኬን አወጣሁ።

«ታምራት፣ ወገብህ እንዴት ነው?»

«ያው ነው አባዬ። ወባ ነው ብለውኝ መድኃኒት ወስጄ ነበር።»

«ኢስሊ ቢጫ ጀሪካን ያላትን ሴትዮ ታውቃታለህ?»

የጋራዡን በር ሲዘጋ ተሰማኝ።

«ጀርባህን ለመንገዱ ሰጥተህ ነው አይደል የምትጠጣው?»

«አባዬ... እርስዎ በምን አወቁ?»

«ነገ ደምህን አስመርምር። ለብሩሴሎሲስ በላቸው» ብዬ ዘጋሁ። እሱም ተመርምሮ ተገኘበት፤ እሱም ዳነ። በምን እንዳወቅሁ ገና አልጠየቀኝም፤ አስተዋይ ልጅ ነው።

ለዘነበች የዚያኑ ዕለት ማታ ነገርኳት። «ስንት ኩባያ?» አለች። ነገርኳት። መጀመሪያ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ቀጥላ ተቆጣች፤ ለቅቤዋም፣ ለእንባዋም፣ በሐኪም ፊት ሳላውቅ ዋሸሁ ብላ። ከዚያ ተነሥታ የቤቱን ኩባያ ሁሉ በአመድ አጠበች። ዶክተሯ በኩባያ አይተላለፍም ብላለች ብላትም ለስድስት ሳምንት በሰማያዊ ፕላስቲክ ኩባያ ለብቻዬ አጠጣችኝ። ሌሊት ግን ተኛች፤ ስታንኮራፋ እንደዚያን ሌሊት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መርፌው በየቀኑ ነው፤ ሰለሞንም በየቀኑ ጧት ቤቴ በር ላይ አንዴ ጥሩምባ ይነፋል። በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ቆመ። በሦስተኛው ካልሲዬን ራሴ አጠለቅሁ። እንክብሉን አንዲት ቀን አልዘለልኩም፤ መርፌ የምትወጋኝ ነርስ እንደ እርስዎ ያለ ታካሚ አይቼ አላውቅም ብላለች። እየዳንኩ ስሄድ ግን ጥሩምባው እየከበደኝ መጣ። ሰው ሲታመም ውለታ መቀበል ይችላል፤ ሲድን ይጨንቀዋል። በመጨረሻው መርፌ ቀን፣ ዝናብ እየዘነበ፣

«ሰለሞን፣ መኪናውን አቁም» አልኩት።

«አመመዎት?»

«አቁም።»

ዳር ይዞ አቆመ። ሁሉንም ነገርኩት። የመስተዋቱ መጥረጊያ ሲመላለስ እያየ ሰማኝ።

«ስንት ኩባያ?» አለ።

«ወደ ሠላሳ አምስት።»

«እኔ አንድ ነበር። እሱንም ግማሹን ደፋሁት።»

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም። ያን ቀን ስንት እንደጠጣሁ አልጠየቁኝም።»

እውነቱን ነው። ኦሪትን ጠቅሼ ነበር እንጂ እሱን አልጠየቅሁትም።

«እናቴ» አለ፣ «ያን ወር ጠላውን ጠምቃ ነበር። ተራዋ መታለፉን የሰማችው ከጠመቀች በኋላ ነው።»

ሞተሩን አስነሣ። ቤቴ አደረሰኝ፤ ደግፎ አወረደኝና ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። እሳቸውም ስንት ብለው ጠየቁኝ፤ ለምን ሁሉም ሰው ቁጥሩን እንደሚፈልግ አላውቅም። ረቡዕና ዓርቡን ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ፣ «መድኃኒትህ ስንት ሳምንት ቀረው?» አሉ።

«ሦስት።»

«ስግደቱንም ሦስት ሳምንት አድርገው፤ አብረህ ጨርስ። ወገብህም ይፍታታል። በሰው ፊት ያልከውን ግን እኔ ልፈታው አልችልም። በሰው ፊት ፍታው።»

መስከረም ላይ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ተነሣሁ። ብዙ ንግግር አድርጌአለሁ፤ ያቺን ያህል አጭር አድርጌ አላውቅም። ሰለሞን የጠጣውን እኔም ጠጥቻለሁ፤ እሱ አንድ፣ እኔ ሠላሳ አምስት፤ እሱ በሐሩር፣ እኔ በትዕቢት፤ እሱ ተናግሮ ተቀጣ፣ እኔ ደብቄ ልሞት ነበር። የሚቀጥለው ጽዋ ተራዋ በታለፈው በሰለሞን እናት ቤት ይሁን፤ እኔም ከበር አጠገብ ልቀመጥ አልኩ። ማንም አልሳቀም። ከኋላ አንዱ «ሠላሳ አምስት?» ሲል ግን ሰምቻለሁ።

ሰለሞን ይምጣ አይምጣ አላወቅሁም ነበር፤ በራሱ ቤት እንኳ። በቀኑ ስንገባ እናቱ ነጭ ለብሳ በር ላይ ቆማ እያንዳንዳችንን ሳመችን፤ እኔን ሁለት ጊዜ ሳመችኝ፤ ያ ከቅጣት ሁሉ የበለጠ ነበር። ጸሎት ደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ። እኔ በቃሌ መሠረት ከበሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ጠላውን የሚቀዳው ሰለሞን ነው። መጀመሪያ ለነፍስ አባታችን ሰጠ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ሁሉ አልፎ፣ ቤቱን አቋርጦ ወደ በሩ መጣና አጎንብሶ ኩባያውን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን፣ ከዚያ ኩባያውን አየሁ።

«ይጠጡ ጋሽ ጳውሎስ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ይኼ ከገብስ ነው።»

ጠጣሁት። ፊቴን ወደ ቤቱ አዙሬ፣ እስከ መጨረሻው።